ኳሷ ከእናንተ ጋር በሌለችበት ጊዜ

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። የእግር ኳስ ጨዋታ 90 ደቂቃ ነው ይባላል፤ ነገር ግን የእጅ ውርወራው፣ የመልስ ምቱ፣ ጉዳቱና ከዳኛ ጋር የሚደረገው ክርክር ሲቀነስ ኳሷ በትክክል የምትንቀሳቀሰው አንድ ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። ያንን ሰዓት ሜዳ ላይ ላሉት 22 ሰዎች አካፍሉት። ለአንዱ የሚደርሰው ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ኳሷ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ስትሄድ በመንገድ ላይ የምታጠፋው ጊዜ ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ታዲያ አንድ ተጫዋች በቀሩት 87 ደቂቃዎች ምን ያደርጋል?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ጀሞ አካባቢ ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። በሥራ ቀን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ጠዋት ከ13 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን ልጆች ይዤ ሜዳ እወጣለሁ። ወላጅ ልጁን ሲያመጣልኝ ብዙውን ጊዜ የሚነግረኝ ስለ ሦስቱ ደቂቃ ነው። “አብዶ ይችላል”፣ “ሦስት ሰው አልፎ ይገባል”፣ “ግራ እግሩ ጉድ ነው”። ደስ ይለኛል፤ አብዶ የማይችል ልጅ ከማሠልጠን የሚችለውን ማሠልጠን ይሻላል። ነገር ግን ቡድን ኳስ ይዞ እንዲጫወት የሚያደርገው 87ቱ ደቂቃ ነው። ኳስ ይዞ መጫወት ኳስ ያልያዙት ልጆች ሥራ ነው። ኳሷን የያዘው ልጅ የሚሰጠው ሰው ከሌለው የግራ እግሩ ጉድነት አያድነውም፤ ወይ ይነጠቃል፣ ወይ ይጠልዛታል።

ይህንን ለማስተማር ከውጭ የመጣ መጽሐፍ መግዛት አላስፈለገኝም። እያንዳንዱ የአዲስ አበባ ልጅ ያደገበት ጨዋታ አለ፤ መሀል ባልገባ። ልጆች ክብ ሠርተው ይቆማሉ፣ አንዱ ወይም ሁለቱ መሀል ይገባሉ፣ ዳር ያሉት ይቀባበላሉ፣ ኳስ ያስነጠቀ መሀል ይገባል። በየሰፈሩ ሜዳው እስኪለቀቅ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ ይጫወቱታል፤ አሰልጣኞችም ብንሆን ልጆቹ እስኪሟሟቁ እንተወዋለን እንጂ ዋናው ትምህርት ነው ብለን አናስበውም። ስፔኖች ይህንኑ ጨዋታ ሮንዶ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ላውሬያኖ ሩይዝ የሚባል አሰልጣኝ በባርሴሎና የታዳጊ ቡድኖች ውስጥ የዕለት ተዕለት ልምምድ አደረገው፤ ከ1988 ጀምሮ ዋናውን ቡድን የያዘው ዮሃን ክራይፍ ደግሞ የአጨዋወቱ መሠረት አደረገው። በዚያ ቡድን መሀል ሜዳ ላይ ሲጫወት የነበረው ፔፕ ጓርዲዮላ ነው። ከእሱ በኋላ የሆነውን የጀሞ ልጆች ከእኔ የበለጠ ያውቁታል።

የእኛ ልጆች ባልገባን የሚጫወቱት ለመሳቅ ነው፤ መሳቁንም አልከለክልም። ግን ሁለት ነገር እጨምራለሁ። አንደኛ ክቡን ወደ አራት ማዕዘን እለውጠዋለሁ። በድንጋይ ወይም በአሮጌ ማልያ ስምንት ሜትር በስምንት ሜትር አሰምርና በአራቱ መስመሮች ላይ አንድ አንድ ልጅ፣ መሀል ሁለት ልጅ አቆማለሁ። ለጀማሪ አሥር በአሥር ይሆናል፤ ልጆቹ ሲበረቱ እያጠበብኩ እሄዳለሁ። ዳር ያለው ልጅ በመስመሩ ላይ ወዲያና ወዲህ መሄድ ይችላል፤ መሄድም አለበት። ሁለተኛ፣ መሀል ያሉት ሁለቱ ኳሷን ሲነጥቁ ጨዋታው አይቆምም። ከአራት ማዕዘኑ ይዘዋት ሊወጡ ይሞክራሉ፤ ያስነጠቁት አራቱ ደግሞ ወዲያውኑ ተሯሩጠው ይዘጉባቸዋል። ይህች ሁለተኛዋ ሕግ ትልቅ ናት፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

አዲስ ልጅ ባልገባ ውስጥ ስታስገቡ መጀመሪያ የምታዩት ሰጥቶ መቆሙን ነው። ኳሷን ለጓደኛው ያቀብላል፣ ሥራው ያለቀ ይመስለውና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያታል። ኳሷን የተቀበለው ልጅ ግን በዚያች ቅጽበት ሁለት ሰው መጥቶበታል፤ ቀና ሲል የሚያየው ጓደኛውን ሳይሆን የተከላካዩን ጀርባ ነው። ሰጥቶ የቆመው ልጅ ከተከላካዩ ኋላ ተደብቋል፤ ማንም አልደበቀውም፣ ራሱ ባለመንቀሳቀሱ ተደበቀ። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ቢሄድ ይታይ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ስለ አቀባበልም ሆነ ስለ አመታት ብዙ አልናገርም። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ጨዋታውን በፊሽካ አስቆምና ኳስ የያዘውን ልጅ “ስንት ጓደኛ ይታይሃል?” እለዋለሁ። “አንድ” ካለኝ የማርመው እሱን ሳይሆን ሌሎቹን ሁለቱን ነው። “ሦስት” ሲለኝ ጨዋታው ይቀጥላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሦስተኛው ሰው ነው። ለአንድ ልጅ ኳስ ልሰጠው እፈልጋለሁ፣ መንገዱ ግን ተዘግቷል። ለሌላው እሰጥና እሱ በአንድ ንክኪ ወደዚያ ወደተዘጋው ልጅ ያሳልፍልኛል። ሲወራ ቀላል ነው። የሚከብደው ሦስተኛው ልጅ ገና ኳሷ ወደ ሁለተኛው እየሄደች ሳለ መንቀሳቀስ ያለበት መሆኑ ነው፤ ለእሱ ያልተላከችለትን ኳስ ለእሱ እንደተላከች ቆጥሮ መሮጥ አለበት። የ14 ዓመት ልጅ ይህንን የሚያምነው አሥር ጊዜ ሮጦ ዘጠኝ ጊዜ ሳይደርሰው፣ በአሥረኛው ብቻውን በረኛ ፊት ሲገኝ ነው። እስከዚያ ድረስ አሰልጣኙ ዘጠኙንም ሩጫ አይቶ በስም እየጠራ ማመስገን አለበት። ጎል ያገባውን ማንም ያመሰግነዋል።

ስለ ማየት ደግሞ ልናገር። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ጌይር ዮርዴት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚጫወቱ አማካዮችን በካሜራ ተከታትሎ ኳስ ከመድረሷ በፊት ባሉት ሰከንዶች አንገታቸውን ስንት ጊዜ እንደሚያዞሩ ቆጥሮ ነበር። ደጋግመው ዙሪያቸውን የሚያዩት ቅብብላቸው ይበልጥ የሚሳካላቸው ሆነው ተገኙ፤ ከእነሱም አንዱ ፍራንክ ላምፓርድ ነው። ለልጆቹ ይህንን ጥናት አልነግራቸውም። “የጀሞን አስፋልት ስትሻገሩ መኪናው ከደረሰ በኋላ ነው ወይ የምታዩት?” እላቸዋለሁ። ከዚያ በባልገባው ዙሪያ እየዞርኩ ከጀርባቸው ጣቶቼን አነሳለሁ፤ ልጁ ኳስ ከመቀበሉ በፊት ዞር ብሎ አይቶ ስንት ጣት እንዳነሳሁ ጮኾ መናገር አለበት። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ይበላሻል፤ ጣቱን ያየ ኳሷን ያስነጥቃል፣ ኳሷን የያዘ ጣቱ ያመልጠዋል። ወር ሲሞላ አንገታቸው ራሱ መዞር ይለምዳል። አይቶ የሚቀበል ልጅ ደግሞ ሰውነቱን ጎል ወዳለበት አዙሮ ይቆማል፤ ኳሷን በቅርቡ እግር ሳይሆን በሩቁ እግር ይቀበልና በአንዲት ንክኪ ፊቱን ወደ ሜዳው ይመልሳል። ሳያይ የተቀበለ ለተከላካዩ ጀርባውን ሰጥቶ ይያዛል።

በቅዳሜ ጨዋታ ላይ ጩኸት የሚነሳው ግን ከመሀል ሜዳ አይደለም፤ ከበረኛው ነው። የእኛ በረኛ ኳስ ስትመለስለት አይጠልዝም። ቆሞ ይጠብቃል፣ ለመሀል ተከላካዩ ይሰጣል፣ ያም ይመልስለታል። ይህን ጊዜ ከመስመሩ ዳር አንድ አባት፦ “አንተ አሰልጣኝ፣ ምን ወደ ኋላ ያስመልሰዋል? ምታው በለው እንጂ!” ይላሉ። ልጁ ይሰማል፣ ይደነግጣል፣ ይመታታል። ኳሷ ከመሀል ሜዳ ማዶ ትሄዳለች። ከጨዋታው በኋላ ወደ እኚህ አባት ሄጄ፦ “ጋሼ፣ ልጁ ሲመታት ለማን እንደሰጣት አይተዋል?” አልኳቸው። “እንጃ፣ ብቻ ከጎል ራቀች” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ራቀች። ግን ከግማሽ ደቂቃ በኋላ በሌላኛው ቡድን እግር ተመልሳ መጣች።

ለእሳቸው ያስረዳሁትን እዚህም ልጻፈው። በረኛው አሥራ አንደኛ ተጫዋች ነው። ተጋጣሚ ሁለት አጥቂ ልኮ ሲጫነን ሁለት የመሀል ተከላካዮቻችንና በረኛው ሦስት ናቸው፤ ሦስት ለሁለት። የተጋጣሚ በረኛ የራሱን ጎል ትቶ ስለማይመጣ በገዛ ጎላችን አካባቢ ሁልጊዜ አንድ ሰው ትርፍ አለን። ይህንን ትርፍ ለማጥፋት ከፈለጉ ሦስተኛ ሰው ከመሀል ሜዳ አምጥተው መጨመር አለባቸው፤ ያኔ መሀል ሜዳ ላይ የእኛ ሰው ነጻ ይሆናል። ኳሷን ወደ ኋላ የምንመልሰው እነሱን ለመጥራት ነው። ሲመጡ ከኋላቸው ሜዳ ይከፈታል። የጨዋታው ሕግም በዚህ አቅጣጫ ሲሄድ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 በረኛ ከጓደኛው እግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይዝ ተከለከለ፤ ከዚያ በኋላ በእግሩ መጫወት ያልቻለ በረኛ ለቡድኑ ሸክም ሆነ። በ2019 ደግሞ የመልስ ምት ከፍጹም ቅጣት ምት ክልል ሳትወጣ የቡድን ጓደኛ እንዲቀበላት ተፈቀደ። ዛሬ በቴሌቪዥን በረኛው አጠገብ ቆመው በአጭር የሚጀምሩ ተከላካዮችን የምናየው ከዚያ ወዲህ ነው።

በረኛው ይሳሳታል ወይ? ይሳሳታል። ልጅ ነው፣ ሜዳው ጎርባጣ ነው፣ ጎልም ይገባብናል። እኔ ለልጆቹ በመጀመሪያው ቀን የምነግራቸው ነገር አለ፤ በአጭር ስንጀምር የሚገባብን ጎል የበረኛው ሳይሆን የአሰልጣኙ ነው። ይህንን በወላጆች ፊት ነው የምናገረው። በረኛው ይህንን ካላመነ የሚቀጥለውን ኳስ ይጠልዛል፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ትምህርት ሁሉ ዋጋ የለውም።

እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ በጀሞ ሜዳ ላይ የተጀመረ አይደለም። በአገራችን ትልቁ መድረክ ላይ በደንብ አይተነዋል። ካሳዬ አራጌ በተጫዋችነት ዘመኑ የኢትዮጵያ ቡና አማካይ ነበር፤ ለዓመታት አሜሪካ ኖሮ ሲመለስ በ2012 የውድድር ዘመን የዚያው ክለብ አሰልጣኝ ሆነ። ይዞ የመጣው ሐሳብ ከበረኛ ጀምሮ በቅብብል መውጣት፣ በጫና ሥርም ቢሆን ኳስ አለመጠለዝ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ሊግ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ቡድኑ ከኋላ ሲጀምር ሲነጠቅ ስታዲየሙ ምን ያህል እንደሚጨነቅ የቡና ደጋፊ የሆነ ሁሉ ያስታውሳል፤ “ይሄ ለኛ ተጫዋች አይሆንም” የሚለው ክርክር በየካፌው ነበር። ካሳዬ ግን ከመንገዱ ፈቀቅ አላለም፤ እኔ ከምንም በላይ የማከብርለት ይህንን ነው።

በ2013 ቡና ከፋሲል ከነማ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያው ዓመት የፊት አጥቂው አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጥሮ በአንድ የውድድር ዘመን የሊጉን የጎል ክብረ ወሰን ያዘ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ለደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተሸጠ። ኳስ የሚይዝ ቡድን ጎል አያገባም ለሚሉኝ ሰዎች የምሰጠው መልስ ይህ ቁጥር ነው። አቡበከር በግሉ ልዩ ተጫዋች ነው፤ ይህንን አልክድም። ግን 29 ጊዜ ጎል ፊት የሚገኝ አጥቂ ከኋላው ኳሷን በትዕግሥት የሚያደርሱለት ሰዎች ያስፈልጉታል። ቡና ሻምፒዮን አልሆነም፣ ካሳዬም በ2014 ከክለቡ ተለየ። ዋንጫ ብቻ የሚቆጥር ሰው ሙከራው አልተሳካም ሊል ይችላል፤ እኔ አልስማማም። ከዚያ ዓመት በኋላ ወደ ልምምድ የሚመጡ በረኛ ልጆች “ኮች፣ ከኋላ እንጀምር?” ብለው ይጠይቁኝ ጀመር። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ በረኛ አልነበረም።

የብሔራዊ ቡድኑ ታሪክም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በ2003 ቡናን ለመጀመሪያ ጊዜ የሊግ ሻምፒዮን ያደረገው ውበቱ አባተ በ2013 ዋልያዎቹን ተረክቦ በጥር 2014 ካሜሩን ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አበቃቸው። ያ ቡድን ኳስ መያዝ የሚወድ ቡድን ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ያሬድ ባዬህ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቀይ ካርድ ወጣ፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። በሁለተኛው ዳዋ ሆቴሳ ገና በ4ኛው ደቂቃ አስቆጥሮ አስተናጋጇን ካሜሩንን እንድንመራ አደረገን፣ ከዚያ 4 ለ 1 ተሸነፍን። በሦስተኛው ከቡርኪና ፋሶ 1 ለ 1 ወጣን፣ ጎሏን ጌታነህ ከበደ በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረ። የካሜሩኑን ጨዋታ ልጆቼ በስልካቸው ደጋግመው አይተውታል። እኔም ለማስተማር እጠቀምበታለሁ፤ ምክንያቱም በቅብብል ረገድ ያልነበረብን ችግር ኳስ ባስነጠቅንባት ቅጽበት ይታያል። ሁሉም ወጥቶ ለመቀበል ተበትኗል፤ ኳሷ ስትጠፋ የሚዘጋ ሰው ሩቅ ነው። እንደ ቫንሳን አቡባከርና ካርል ቶኮ ኤካምቢ ያሉ አጥቂዎች ደግሞ ይህን ክፍተት አይምሩም፤ ሁለት ሁለት ጎል አገቡብን።

ለዚህ ነው ከላይ ያቺን የባልገባ ሕግ ትልቅ ናት ያልኩት። ኳስ ይዞ የሚጫወት ቡድን ሲነጠቅ የት እንደቆመ ቀድሞ ማሰብ አለበት። ጓደኛዬ ጋ ስቀርብ ኳሷን ልቀበለው እየቀረብኩ ነው፤ ግን ቢነጠቅም የመጀመሪያው የምዘጋው ሰው እኔ ነኝ። አንዱ ቦታ ሁለት ጥቅም አለው። ከተበታተንን ረጅም ቅብብል እንደሚያስፈልገን ሁሉ፣ ስንነጠቅም ረጅም ሩጫ ይጠብቀናል። በልምምድ ላይ ኳስ ከጠፋች በኋላ አምስት ሰከንድ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ በእነዚያ አምስት ሰከንዶች ማንም ወደ ኋላ አይሮጥም፣ ሁሉም ወደ ኳሷ ነው። ካልተመለሰች ያኔ ተሰብስበን እንወርዳለን።

በሰኔ 2 ቀን 2014 ሊሎንግዌ ላይ የሆነውን ብዙዎቻችን አንረሳውም። አገር ውስጥ ያሉ ስታዲየሞች የካፍን መስፈርት ስላላሟሉ ዋልያዎቹ “ሜዳቸው” ማላዊ ሆኖ ከግብፅ ጋር ተጋጠሙ። ግብፅ ከጥቂት ወራት በፊት የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የተጫወተች አገር ናት፤ መሐመድ ሳላህ ግን ያን ቀን አልተሰለፈም። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አስቆጥረው 2 ለ 0 አሸነፍን። ያን ቀን የወደድኩት ከጎሎቹ በላይ አንድ ነገር ነው። ኳስ ሲያገኙ አልቸኮሉም፣ ሲነጠቁም ቆመው አላዩም። ሽመልስ በግብፅ ሊግ ለዓመታት የተጫወተ ሰው ነው፤ ከተጋጣሚ ተከላካዮች መሀል ቆሞ ኳስ እስኪደርሰው የሚጠብቅበትን ቦታ ልጆቼ እንዲያዩ አድርጌያለሁ። “እግሩን አትዩ፣ ከመቀበሉ በፊት የት እንደቆመ እዩ” እላቸዋለሁ።

እዚህ ላይ ለአጨዋወቱ ወዳጆችም የምለው አለኝ፤ እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝና። ኳስ መያዝ ብቻውን ጎል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ዋንጫ ስፔን ከሞሮኮ ጋር ከ1,000 በላይ ቅብብል አድርጋ አንድም ጎል ሳታገባ በመለያ ምት ተሸነፈች፤ ከአራት ዓመት በፊትም በሩሲያ በመለያ ምት ተሸንፋ ነበር። በእኛ ሜዳም ሁለቱ የመሀል ተከላካዮች ለስምንት ጊዜ እርስ በርስ ሲቀባበሉ ደጋፊው ያጨበጭባል፤ ተጋጣሚው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ያ ዕረፍት ሊሆን ይችላል፣ ጨዋታ ግን አይደለም። ልጆቼ ኳሷን ሲቀበሉ መጀመሪያ ወደ ፊት እንዲያዩ ነው የምነግራቸው። ወደ ፊት መንገድ ካለ ወደ ፊት፤ ከሌለ ወደ ጎን፤ እሱም ከሌለ ወደ ኋላ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት ማየት። ስለዚህ በትልቁ ልምምዳችን ሰባት ለሰባት ስንጫወት የቅብብል ቁጥር ነጥብ አያስገኝም። ነጥብ የሚያስገኘው በተጋጣሚ አማካዮች መሀል ሰንጥቆ የተላለፈ ኳስ ነው።

በተቃራኒው በረጅም ኳስ የሚያምኑት ወገኖች የራሳቸው ሳይንስ ነበራቸው። ቻርልስ ሪፕ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሠራተኛ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ጨዋታዎችን በእርሳስ እየመዘገበ ከአምስት ጎል አራቱ ገደማ ከሦስት ወይም ከዚያ ባነሰ ቅብብል እንደሚገኙ ደረሰበት። ስለዚህ ቶሎ ወደ ፊት መምታት ይሻላል አለ፤ እንግሊዝም ለአሥርት ዓመታት ሰማችው። ቁጥሩ ልክ ነበር፣ ፍርዱ ግን አልነበረም። በእግር ኳስ አብዛኛው ቅብብል ራሱ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሞከር ነገር ብዙ ጎል ማስገኘቱ አያስገርምም። እ.ኤ.አ. በ2005 ማይክ ሂዩዝና ኢያን ፍራንክስ የሁለት የዓለም ዋንጫዎችን መረጃ እንደገና አስልተው እያንዳንዱ ዓይነት ስንት ጊዜ እንደተሞከረ ሲያካፍሉት፣ ረዘም ያለ ቅብብል በተሻለ መጠን ወደ ጎል ሙከራ እንደሚያደርስ አሳዩ።

ለአዲስ አበባ ደግሞ ከስታቲስቲክስ የቀረበ ምክንያት አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የተመታች ኳስ በሳሳ አየር ውስጥ የሚያቆማት ነገር ስለሚያንስ ከታሰበላት በላይ ትርቃለች። የእኛ ልጆች ረጅም ኳስ ብዙውን ጊዜ ከአጥቂው ራስ በላይ አልፋ የምትወጣው ለዚህም ጭምር ነው። አተነፋፈሱም እንደዚያው ነው። ኳስ እያሳደደ የሚሮጥ ቡድን እዚህ ቶሎ ይደክማል፤ ኳስ ይዞ የሚያስሮጥ ቡድን ትንፋሹን ይመልሳል።

“ሜዳችን ግን አይፈቅድም” የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። ሜዳዎቻችን ምን እንደሚመስሉ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ፣ አንዳንዱ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ፣ አንዳንዱ ደግሞ ግማሹ በግንባታ የተወሰደ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየሰፈሩ የተሠሩት ሰው ሠራሽ ሣር ያላቸው ትንንሽ ሜዳዎች ትልቅ እፎይታ ናቸው፤ ግን ተራ አላቸው። በጎርባጣ ሜዳ ላይ የምንለውጠው ርቀቱን ነው። ኳሷ በየመንገዱ ስለምትነጥር በሃያ ሜትር የምትላክ ኳስ አስተማማኝ አይደለችም፤ ስለዚህ ጓደኛው ወደ አሥር ሜትር ይቀርባል። አጥብቆ መሬት ለመሬት መስጠት፣ ሁለት ንክኪ ለማድረግ መዘጋጀት፣ ደረቅ በሆነው የሜዳው ወገን መጫወት። ጥሩ ሜዳ የሚያሳየን ጨዋታ የበለጠ ፈጣን ይሆናል፤ መጥፎው ሜዳ ግን መቅረብን ያስተምራል፤ መቅረብ ደግሞ የዚህ ጨዋታ ግማሹ ነው።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የምናዘጋጃቸው ውድድሮች። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ በክፍለ ከተማችን ብዙ የሰፈር ውድድር ይደረጋል። የ13 ዓመት ልጆችን አሥራ አንድ አሥራ አንድ አድርገን በአዋቂ ሜዳ ላይ እናስገባቸዋለን፣ 7.32 ሜትር ስፋትና 2.44 ሜትር ከፍታ ያለውን ጎል ቁመቱ ገና ላልረዘመ ልጅ እናስጠብቀዋለን። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ የሚያሸንፈው ቡድን አስቀድሞ ያደገ ረጅም ልጅና ሩቅ የሚመታ ተከላካይ ያለው ነው። ከዚያም አሰልጣኙ በሚቀጥለው ዓመት ረጅም ልጅ ይፈልጋል። ባልገባ ላይ አንገቱን እያዞረ የሚያይ ትንሽ ልጅ ቤቱ ይቀራል።

እንግሊዞች ለሕጻናት በሚያዘጋጁት ጨዋታ የተጫዋቹን ቁጥር ይቀንሳሉ፣ ሜዳውንም ጎሉንም ያሳንሳሉ፤ በትንንሾቹ ዕድሜዎች የመልስ ምት ሲሆን ተጋጣሚው ወደ ኋላ እንዲያፈገፍግ ይደረጋል። ይህንን እኛም ማድረግ እንችላለን፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ከ14 ዓመት በታች ዘጠኝ ለዘጠኝ ይሁን። ሜዳው ከአንዱ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል መስመር እስከ ሌላኛው ይሁን፣ ጎሉም በሁለት እንጨት ይነስ። በረኛው የመልስ ምት ሲመታ ተጋጣሚው ወደ መሀል ሜዳ ይመለስና የመጀመሪያዋ ቅብብል እስክትደርስ ይጠብቅ። ለዚህ ዳኞችን ለማስረዳት፣ መስመር ለማስመርና ሕጉን ለወላጆች ለመንገር እኔም ሆንኩ በጀሞ፣ በለቡና በመካኒሳ የማውቃቸው አሰልጣኞች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝግጁ ነን፤ የዘንድሮው የክረምት ውድድር ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት አዘጋጆቹ ቢጠሩን እንመጣለን።